ፊት ሳይድን የመጣ መርዶ

በዚያ ሐሙስ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የቤቱ ባለቤት ሲስተር ብርሃኔ። እኔ፣ ረዳቷ። አልጋው ላይ በጀርባቸው የተኙት እትዬ አሰገደች፤ ፊታቸው ላይ መድኃኒቱ ገና መቀባቱ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አግዳሚው ላይ ተራ የምትጠብቅ አንዲት የቀበሌ ጸሐፊ። ከውጭ ደግሞ ሳያንኳኩ የገቡ ሦስት ሰዎች፦ የእትዬ አሰገደች ሟች ባለቤት ወንድም ጋሽ ታደለ፣ የእትዬ አንድ ልጅ ሄለን እና የእትዬ የነፍስ አባት አባ ወልደ ሰንበት። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የእትዬ አሰገደች ወንድም ደሴ ላይ ሞቶ መቀበሩን ሳያውቁ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁን ሥራውን ትቻለሁ። ዓይኔ ደከመ፤ ጥቁር ነጥብን ከጥቁር ነጥብ መለየት ያቃተው ዓይን ደግሞ የሰው ፊት ላይ መሥራት የለበትም። ልጆቼ «እስቲ ያሳለፍሽውን ጻፊው» ሲሉኝ ብዙ ነገር መጣብኝ፤ ግን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ የሚሄደው ወደዚያ ሐሙስ ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ሥራውን እንዴት እንደያዝኩት ልናገር።

የጀመርኩት ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የመጀመሪያ ልጄን ሰላምን አዝዬ መገናኛ አካባቢ አንድ ፀጉር ቤት ለጽዳት ገባሁ። ባለቤቷ ሥራ ሰጥታኛለችና በክፉ አላነሳትም። ነገር ግን ከመርካቶ የሚመጣ፣ ስሙ የተፋቀ ቅባት በትልቅ ብልቃጥ ነበራት። ማድያት አለብኝ ያለች፣ ፀሐይ በላኝ ያለች፣ አረጀሁ ያለች ሁሉ ከዚያው ብልቃጥ ትቀባለች። በሁለት ሳምንት ፊቷ ይፈካል፤ እልል ይባላል። ወር ሁለት ወር ቆይታ ስትመለስ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ ቀልቶ፣ የደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። ያን ጊዜ «ሰውነትሽ አልተቀበለውም» ትባላለች።

አንድ ቀን ወለል ስወለውል ዞር ብል ሰላም ጣቷን ብልቃጡ ውስጥ ነክራ ወደ አፏ ስትወስድ አየኋት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። አፏን በውሃ አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ ልጅቷ እስክታስመልስ አጠብኳት። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ስሰማ አደርኩ። ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም።

ሲስተር ብርሃኔን ያገኘኋት ጎረቤቴ ወስዳኝ ነው። ከመንግሥት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ወጥታ ላምበረት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር። ስገባ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ እጄን ይዛ ገለበጠችው፤ ጥፍሬን አየች።

«ጥፍርሽን ማን ነው እንዲህ የሚቆርጥልሽ?»

«ራሴ ነኝ። ልጅ እንዳልቧጭር ብዬ።»

«ሰኞ ነይ» አለችኝ። ቃለ መጠይቁ ይኸው ነበር። ደሞዙ ብዙ አልነበረም፤ ግን በቀኑ ይከፈላል።

ሲስተር ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ «አንቺ በይኝ» ብላ ከመጀመሪያው ቀን አስለመደችኝ። የጌታ ሰው ናት፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በጾም ወቅት ምሳዋን ደብቃ ትበላልኝ ነበር። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ ያስተማረችኝ ማየትን ነው። ደንበኛዋን መብራት ሥር አታያትም። እጇን ይዛ ወደ በሩ፣ ወደ ቀን ብርሃን ታወጣታለች፤ በሁለት ጣት ቆዳውን ወጠር ታደርገዋለች፤ ከዚያ የክንዷን ውስጥ፣ ከዚያ የእጇን ጀርባ ታያለች። «ፀሐይ የት እንደደረሰ ከእጅ ይታወቃል» ትላለች። ሰው ሁሉን ነገር ማድያት ይለዋል። እሷ ግን ለየችልኝ። ማድያት ከእርግዝና ጋር ይመጣል፤ ሁለቱን ጉንጭ እኩል እንደ ካርታ ይይዛል። የዕድሜ ነጥብ ግን እንደ ምስር ፍሬ ነው፤ ጠርዙ የታወቀ፣ ፀሐይ በመታው ቦታ፣ በጉንጭ አጥንት፣ በግንባር፣ በእጅ ጀርባ የሚወጣ። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ አለ፤ ጠርዙ የተጎራረደ፣ መልኩ የሚለዋወጥ፣ የሚደማ፣ እምቢ ብሎ የማይድን። እሱን አንነካም።

አንዲት ከእንጦጦ ቅጠል የሚሸከሙ እናት ከንፈራቸው ጥግ ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ይዘው መጡ። «የምች ቁስል ናት፣ ቅባት ስጡኝ» አሉ። ሲስተር ቆዳውን ወጠር አድርጋ አየችው። ዕለቱን ቤቱን ዘጋችና ሆስፒታል ድረስ አብራቸው ሄደች። ስትመለስ «እኛ ቤት የሚመጣ ነጥብ ሁሉ የእኛ አይደለም፤ ይቺን ብቻ ብታውቂ ይበቃሻል» አለችኝ።

ነጥቡ የእኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በቅባትና ከፀሐይ በመከለል ነው የምትሠራው። ጠለቅ ላለው ግን አሲድ ትጠቀማለች። ፒሊንግ ይሉታል፤ የላይኛውን ቆዳ ልጦ ከሥሩ አዲስ እንዲወጣ የሚያደርግ ነው። መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ጠብታ አድርጋ ቀናት ትጠብቃለች። የዓይን ጠርዝ፣ የአፍንጫ ጥግና ከንፈር ቫዝሊን ይቀባል። ከግንባር ትጀምራለች፤ ወደ ዓይን የምትጠጋው በመጨረሻ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ማራገቢያ እይዛለሁ፤ በሌላው እጄ ደግሞ አሲዱን የሚያበርደው የሶዳ ውሃ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ፊት ላይ እያለ ደንበኛዋ አትናገርም፣ አታለቅስም፣ አትስቅም። እንባ ከወረደ መድኃኒቱን ይዞ ዓይን ውስጥ ይገባልና። ከዚህ ሌላ ደግሞ የጥቁር ሰው ቆዳ ቂመኛ ነው። እስኪድን ድረስ ፀሐይ ካየው ወይም ከተፋቀ፣ ከበፊቱ የባሰ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ሲስተር ፒሊንግ በክረምት፣ ደመና ሳለ ብቻ ትሠራ የነበረው።

እትዬ አሰገደች የመጡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሾላ ገበያ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬና ቅመም ሸጠዋል። ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ዳገቱ ላይ ነው። ሲስተር በር ላይ አውጥታ እያየቻቸው፣

«እትዬ፣ ጃንጥላ አልነበረዎትም?» አለቻቸው።

«ነበረኝ እንጂ! ለበርበሬው። በርበሬ ፀሐይ ሲመታው መልኩ ይጠፋል።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ማን ይገዛኛል ልጄ?»

ሲስተር ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጊዜው አልፏል፣ ለከርሞ ይምጡ አለቻቸው። እምቢ አሉ። ወንድማቸው ደጀኔ ለመስከረሙ የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ከደሴ ይመጣል። ወላጆቻቸው ሞተው ያሳደጋቸው እሱ ነው። ከተያዩ ዘመን ሆኗቸዋል። «እሱ ታላቄ ነው» አሉ፤ «ባለፈው የላከውን ፎቶ ሳየው ከእኔ ይልቅ ልጅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። መጥቶ 'ይቺ አሮጊት ማን ናት' እንዲለኝ አልፈልግም።» ሲስተር ደመናውን ወጥታ አየች። ከጆሮ ጀርባ ጠብታ አድርጋ ጠበቀች፤ ቆዳቸው ተቀበለው። ለሐሙስ ቀጠረቻቸው።

እንግዲህ ያ ሐሙስ ይህ ነው።

አሲዱ ግንባርና ጉንጫቸው ላይ ነበር። እኔ አራግባለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ የበር ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎ የወንድ ድምፅ፣ ቀጥሎ የታፈነ የሴት ልጅ ለቅሶ። ሲስተር በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ማራገቢያውን ለእሷ ሰጥቼ ወጣሁ። ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ሄለን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳዋለች። አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተዋል። ምንም ሳይሉኝ ገባኝ።

«ደጀኔ ነው» አሉ ጋሽ ታደለ። «ሱቄ ስልክ ተደወለ። ትናንት ሞተ፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ ቀበሩት። ወደ ቤት እንውሰዳትና ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራት።»

የቀበሌዋ ጸሐፊ አግዳሚው ላይ «ወይኔ፣ የመድኃኔዓለም ያለህ» አለች። ሄለን ይሄን ጊዜ ድምፅ አወጣች።

ከውስጥ እትዬ አሰገደች፣ «የታደለን ድምፅ ሰማሁ ልበል?» አሉ።

ሮጬ ገባሁ። ሲስተር ማራገቢያውን አቁማ አየችኝ። «ዝም ይበሉ እትዬ» አልኳቸው፤ «ሲናገሩ መድኃኒቱ ወደ አፍዎ ይገባል። ማንም የለም፤ ተራ ጠባቂ ነው።» ዓይናቸው በጥጥ ተሸፍኗል። ከንፈራቸውን ገጠሙ። እኔ ደግሞ የሶዳውን ውሃ ጣሳ አነሳሁ። እያሰብኩ የነበረው አንድ ነገር ነው፦ አሁን ቢሰሙ ይጮኻሉ፤ ሲጮኹ ያለቅሳሉ፤ በጥፍራቸው ፊታቸውን ይነጫሉ። እኛ አገር ወንድም ሞቶ ፊቷን የማትነጭ እህት የለችም።

ሲስተር ሰዓቷን አየች፤ አልቸኮለችም። በሶዳው አበረደችው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ ቫዝሊን ቀባችው። «አሁን እንደዚህ ሆነው ይረፉ፣ አይነሱ» አለቻቸውና ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

በሹክሹክታ የተባለውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ሳምንት ስጡኝ» አለች ሲስተር። «ቆዳቸው አሁን እንደ ሕፃን ነው። ካለቀሱ፣ ከነጩ፣ ፀሐይ ላይ ድንኳን ሥር ከተቀመጡ ዕድሜ ልካቸውን ጠባሳ ነው።»

«ለመልኳ ብለን ወንድሟን እንደብቃት?» አሉ ጋሽ ታደለ። «አንቺ ሴት፣ ይሄ እኮ የላከላት ጋቢ ሳይቀር ሰውነቷ ላይ ያለ ወንድሟ ነው!»

«ተቀብሯል ጋሽዬ። ሮጠው አይደርሱበት።»

«ሄለን፣ አንቺስ?» አሉ ጋሽ ታደለ።

ሄለን፣ «እማዬ ፊቷ እንዲበላሽ አልፈልግም» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሁላችንም ወደ አባ ዞርን። አባ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ፣ «መርዶ ጊዜ ይመረጥለታል» አሉ። «ለታመመ ሰው እስኪድን አይነገርም። ይቺም ቁስለኛ ናት። ፍትሐቱን እኛ እናደርሳለን፤ ሳምንት ይቆይ።» ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጡ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ለእኔ የደረሰኝ ሥራው ነው፤ በየጠዋቱ ዳገቱን ወጥቶ ፊታቸውን ማጠብና መቀባት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አላውቅም። ጠዋት ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ በባሕር ዛፉ መካከል ስወጣ፣ ዛሬ ነግሯቸው የሚጠብቀኝ ይኖራል እያልኩ እሰጋለሁ። በራቸው ላይ ደርሼ መጀመሪያ ጆሮዬን አቆማለሁ። ቤቱ ጸጥ ካለ እገባለሁ። ሄለን መጋረጃውን ዘግታዋለች፤ ሬዲዮኑን «ተበላሸ» ብላ ደብቃዋለች። ጎረቤቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ የእድሩ ሰዎች ያውቃሉ። ሴቶቹ ለመጠየቅ ሲገቡ ጥቁር ነጠላቸውን ደጅ አውልቀው ነጩን ይለብሳሉ። አንዷ ገብታ እንባዋ ሲመጣባት «ጉንፋን ይዞኛል» ብላ ሮጣ ወጣች።

ሥራዬ ደግሞ ፊታቸውን ማየት ነው። አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ ጥጥ ነክሬ፣ ሳልፈገፍግ፣ እየነካሁ ማንሳት። የደረቀው ቆዳ ቡናማ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ከጫፍ ይነሳል፤ መሳብ ግን አይቻልም፤ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ከሥሩ የሚወጣው ለስላሳ፣ ነጥብ የሌለው ነበር። በጉንጫቸው አጥንት ላይ የነበሩት እንደ ምስር ያሉት ጠፍተዋል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያማረ ፒሊንግ አላየሁም።

«እንደ እባብ ቆዳዬን ገፈፍኩ አይደል?» ይላሉ። «ደጀኔ ሲመጣ የራሱን ሴት ልጅ ዘውዴን መስዬው ይስመኛል።»

«አይናገሩ እትዬ፣ ይሰነጠቃል።»

«አንቺ ደግሞ! ሰሞኑን ምን ሆነሻል? የተላጥኩት እኔ፣ ፊትሽ የጠፋው አንቺ።»

ለሲስተር ማታ ነገርኳት። «ከእንግዲህ አልችልም፤ እኔ ፊቴ ይናገራል» አልኳት። «ትንሽ ቀረ» አለች። «ድኗል ያልኩ ዕለት ራሴ አብሬ ገብቼ ይነገራቸዋል።» ድምፅዋ እንደ ሌላው ጊዜ የታመነ አልነበረም። ሌሊት ቤቴ ሆኜ ሳስበው፣ የእኔ እናት ብትሆንስ፣ እኔ ብሆንስ እላለሁ፤ ደግሞ ያንን አዲስ ቆዳ አስብና ትንሽ ቀን ብቻ እላለሁ። ልቤ ወደ አንዱም አልረጋም።

ያልተጠበቀው ከደሴ መጣ። የደጀኔ ልጅ ዘውዴ አክስቷ ዘንድ ለቅሶ ልትደርስ አውቶቡስ ተሳፍራለች ተባለ። ማንም መርዶው አልተነገረም ብሎ አልነገራትም። ጋሽ ታደለ ላምበረት መናኸሪያ ከቀትር ጀምረው ቆሙ። የደሴው አውቶቡስ እስኪመሽ ሳይመጣ ቀረ፤ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ደብረ ብርሃን አድሯል ተባለ። «ነገ ቀትር ላይ ይደርሳል» አሏቸው። አውቶቡሱ ግን ሌሊት ተጠግኖ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ነበር፤ ጠዋት ላምበረት ሲገባ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም።

እኔ ያን ሰዓት ከእትዬ አሰገደች ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። ጥጡ ግራ ጉንጫቸው ላይ ነው። ከታች፣ ከመንገዱ ዘንድ ድምፅ ሰማሁ። ሩቅ ነበር። «ወየው አባዬ! ወየው!» ይላል። የቀብር መንገድ ስላለ የሰው ለቅሶ እዚያ ሰፈር ብርቅ አይደለም፤ እትዬ አሰገደችም «እግዜር ያጽናት» አሉ፣ ለማያውቋት ለቀስተኛ። ድምፁ ቀረበ። እጄ ቆመ። ሄለን ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። ልትሮጥ ነበር፤ ግን በሩ ተከፈተ።

ዘውዴ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ «አክስቴ! አባዬን ምን አደረግሽው!» ብላ እግራቸው ሥር ወደቀች።

ሁለቱንም እጃቸውን ያዝኩ። ጥፍራቸው ፊታቸው ጋ ከመድረሱ በፊት ልይዝ ብዬ ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም። ጭራሽ አልታገሉኝም።

«መቼ?» አሉ።

ዘውዴ በለቅሶ መሐል፣ «ረቡዕ ሞተ፤ ሐሙስ ቀበርነው።»

«የትኛው ሐሙስ?»

«ባለፈው።»

እትዬ አሰገደች ዞረው አዩኝ። ከቆዳው ሥር አዲሱ ፊታቸው ወጥቷል፤ የማላውቃቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

«ታደለ ነበረ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁት ስልሽ፣ ዝም በይ ያልሽኝ።»

«እትዬ፣ አሲዱ ዓይንዎ ውስጥ...»

«በየቀኑ ገብተሽ ስትወጪ ታውቂ ነበር?»

እጃቸውን ከእጄ አወጡ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ ዕቃ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ አውርደው ወገባቸው ላይ አሸረጡ። በርጩማ ራሳቸው አነሱ። ግቢው መሐል ወጥተው ተቀመጡ። ክረምቱ ጨርሶ ወጥቶ ነበር፤ ከዝናብ በኋላ ያለው የእንጦጦ ፀሐይ ደግሞ እንኳን ለተላጠ ለጤነኛም ይከብዳል።

ሄለን «እማዬ ግቢ» ብላ ተንበረከከች። ጎረቤት መጣ፤ ድንኳን ሊተክሉ ሸራ አመጡ። «አትትከሉ» አሉ። የእድሩ ሰዎች ግራ ገብቷቸው ሸራውን ታቅፈው ቆሙ። እንባ አልነበራቸውም። ፊታቸውን ቀና አድርገው ፀሐዩን እያዩ ተቀምጠዋል።

ወደ ላምበረት ሮጥኩ። ሲስተር ደንበኛዋን ትታ እየሮጠች መጣች። ስትደርስ ፊታቸው እንደ ፍም ቀልቷል። ነጠላዬን ከትከሻዬ ወስዳ በሁለት እጇ ወጥራ ከፊታቸው ቆመች፤ ጥላው ፊታቸው ላይ አረፈ። እትዬ አሰገደች በርጩማቸውን ይዘው ተነሱ፤ ከጥላው ወጥተው ተቀመጡ። ሲስተር ተከተለቻቸው፤ ጋረደቻቸው። ደግመው ተነሱ። ሰዉ ሁሉ ያያል።

በመጨረሻ እትዬ አሰገደች፣ «ለማን ነው የምትከልይልኝ?» አሏት። «የሚያየኝ እሱ ነበር።»

የሲስተር እጅ ወረደ። መሬት ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጠች፤ ራሷንም ገለጠች። ሁለቱም እዚያ ፀሐይ ላይ ዋሉ። እኔ ነጠላዬን ይዤ ቆምኩ፤ የምጋርደው ሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቆዳው አበጠ፣ ቆሰለ፣ ሲድን ጠቆረ፤ እንደ ምስር በነበረው ነጥብ ፈንታ ጉንጫቸውን በሙሉ የያዘ ጥቁረት ሆነ። ሲስተር ቅባት ይዛ ተመላለሰች፤ በር አልተከፈተላትም። እኔም በሌላ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ለእኔ ከፈቱልኝ፤ ግን በሩ ላይ ቆመው፣ «ሥራሽን አውቃለሁ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ፊቴን ለእናንተ ሰጠኋችሁ፤ ለቅሶዬን ማን ስጧቸው አለ?» አሉኝና ዘጉት።

ሲስተር ከዚያ በኋላ ፒሊንግ መሥራት አላቆመችም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ለማንም አልሠራችም። አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች። ቆዳውን አይታ፣ ከጆሮ ጀርባ ጠብታውን አድርጋ ስትጨርስ፣ እጇን ታጥባ ትቀመጥና ትጠይቃለች፦ «ፊትዎ ሳይድን ክፉ ወሬ ቢመጣ፣ ልንገርዎት ወይስ ልጠብቅ?»

ሰው ይደነግጣል። «አፍሽን በጨው!» ብላ ተነስታ የሄደች አለች። አንዷ መምህርት ብዙ አሰበችና «ባሌ ከሆነ ጠብቂ፣ ልጄ ከሆነ ንገሪኝ» አለች፤ የሲስተር ትከሻ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ብዙዎቹ ግን «ንገሪኝ» ይላሉ። ስንቱ ሰው ፊቱን ከሐዘኑ ያስበልጣል ብለን አስበን እንደነበር ሳየው እፍረት አይደለም፣ ድንጋጤ ነው የሚሰማኝ።

ሲስተር አርጅታ ቤቱን ስትዘጋ እኔ አንድ አዲስ ክሊኒክ ገባሁ። በዚያ ብርሃን የሚተፋ ማሽን አለ፤ ነጥቡን በአንድ ብልጭታ ያነሳዋል። ዶክተሮቹ ልጆች ናቸው፤ ያከብሩኝ ነበር። የማየውን ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይዤ ወጥቼ ስለማይ «እማማ ፀሐይ» እያሉ ይቀልዱብኛል። የደሞዝና የጡረታ ወረቀቴን ጨርሰውልኛል። ሲስተር ባለፈው ዓመት አርፋለች። መርዶውን የነገረችኝ ልጄ ሰላም ናት፤ በስልክ፣ ወዲያው፣ ምንም ሳትከልል። ስታለቅስልኝ እኔ «ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ» ነው ያልኳት።

እትዬ አሰገደችን የት እንዳሉ አላውቅም። ከኪዳነ ምሕረት በታች የነበረው ሰፈራቸው ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን የሚያውቅ አላገኘሁም። ሄለን ወደ ውጭ ሄዳለች ይባላል። ሾላ ገበያ በርበሬ ተራ ጠየቅሁ፤ የቀድሞ ሰዎች የሉም።

እትዬ አሰገደች ይባላሉ፤ የደሴው ደጀኔ እህት፤ ሾላ በርበሬና ቅመም ይሸጡ የነበሩ። በሕይወት ካሉ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ጉንጫቸው ላይ ከሁለቱም በኩል ትልቅ ጥቁረት አለ። ያያቸው ወይም የሰማ ሰው ካለ፣ ላምበረት ከመናኸሪያው ጀርባ ሲስተር ቤት ትሠራ የነበረችውን ሴት ብላችሁ ብትጠይቁ የሰፈሩ ሰው ያመላክታችኋል። አርፈው እንደሆነም ንገሩኝ። አትደብቁኝ።